እናንተ ግቡ፣ እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ

በየቤተሰቡ አንድ በር ላይ የሚቀር ሰው አለ። በእኛ ቤት የለም የሚል ካለ ራሱ ዘወትር ከሚገቡት ወገን ስለሆነ ነው፤ ዞር ብሎ ቢያይ ጃኬቱን ክንዱ ላይ ጥሎ የቆመ ዘመድ አያጣም። የመናፈሻ በር፣ የሙዚየም በር፣ የሠርግ አዳራሽ በር ይህን ሰው ያውቁታል። ዕድሜውን ሙሉ ያልሄደበት ቦታ የለም፤ የገባበት ግን አንድም የለም።

በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሥልጣኑን የያዘችው እትዬ ናት። ሙሉ ማዕረጓ ክብርት እትዬ፣ የጠቅላላ ዕቃ ጥበቃ ሚኒስትር፣ የቦርሳና የጫማ የበላይ አዛዥ ነው። ሹመቱን የሰጣት የለም፤ ልሻርሽ ብሎ የሚደፍራትም የለም። ወደየትም ቢኬድ፣ በሩ ሲደረስ፣ የሚጠበቀውን ቃል ትናገራለች፦ "እናንተ ግቡ፣ እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ።" ስትናገር አታጉረመርምም፣ ፊቷም አይከፋም። ቤተሰቡም ነገሩን እንደ ክረምትና በጋ ለምዶት፣ ከመኪና ሳይወርድ ጃኬቱን ማውለቅ ይጀምራል።

የዚህ ወግ ባለቤት ታናሽ ወንድሟ ነው። ቀያሽ ነው፤ መንገድ ሊወጣ፣ ድልድይ ሊቆም ሲታሰብ ቀድሞ የሚጠራ፣ ለስንዝር ስህተት እንቅልፍ የሚያጣ ሰው። እናታቸው ስትሞት እሱ የሰባት ዓመት ልጅ፣ እሷ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበረች። የደንብ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የእግር ስፌት መኪና እየረገጠች አሳደገችው፣ አስተማረችው፣ ዳረችው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ረግጣ ጡረታ ወጣች። "እትዬ" ማለት የጀመረው እሱ ነው፤ በኋላ ሚስቱ ተቀበለች፣ ልጁ ተቀበለች፣ ሰፈሩ ተቀበለ፣ ዛሬ መታወቂያዋን ካላየ በቀር እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ የለም።

የእትዬን አጠባበቅ እንደ ተራ ነገር የሚያይ ካለ ተሳስቷል። በመጀመሪያ የቦርሳዎቹን ማንገቻ ሁሉ ሰብስባ በአንድ ቋጠሮ ታስራለች። ከዚያ ግራ እግሯን በቋጠሮው ውስጥ ታሾልካለች። "ሌባ ቢመጣ እኔን ጎትቶ ነው የሚሄደው" ትላለች፤ "እኔን ጎትቶ ደግሞ የትም አይደርስም።" በየቀሚሷ ውስጥ ራሷ የሰፋችው የምስጢር ኪስ አለ፤ ስልኮች እዚያ ይገባሉ። መነፅሮች አናቷ ላይ ይደረደራሉ፤ አንዳንዴ ሦስት ይሆናሉ፤ ያኔ ከሩቅ ላያት ሰው በአናቷም በግንባሯም የምታይ ትመስላለች።

ደግሞ የሚገርመው፣ የማያውቋት ሰዎችም ያሸቷታል። አንድ ዋና ገንዳ አጠገብ ግማሽ ሰዓት ሳትቆይ አሥራ አንድ ጥንድ ጫማ፣ ሁለት ሰዓትና አንድ የተኛ ሕፃን ተረክባ ተገኝታለች። የሕፃኑን ወላጆች አታውቃቸውም። "እመጣለሁ ብላ አስታቀፈችኝ፤ ጨዋ ትመስላለች" አለች፣ ልጁን እያወዛወዘች። አንድ ሰውዬ ደግሞ ኮቱን ሰጥቷት ከሄደ በኋላ ተመልሶ መጥቶ "ቁጥር አይሰጡም እንዴ?" ብሏታል።

የሙዚየሙን ነገር ሳያነሱ ማለፍ ነውር ይሆናል። ያን ዕለት የቤተሰቡ ቦርሳ አራት ነበር፤ እትዬ አምስት ጠበቀች። አምስተኛው፣ ጥቁሩ፣ አግዳሚው ላይ የተረሳ የሰው ዕቃ ነው፤ እሷ የወንድሟ ሚስት አዲስ የገዛችው መስሏት ቋጠሮ ውስጥ አስገባችው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ባለቤቱ ፖሊስ አስከትሎ እያለከለከ መጣ።

"ይሄ ቦርሳ የእኔ ነው!"

"ይሁን። ውስጡ ያለውን ንገረኛ።"

"ልብስ አለ... ካልሲ አለ..."

"ስንት ካልሲ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ እናቴ!"

እትዬ ወደ ፖሊሱ ዞረች። "ሰማኸው አይደል? የካልሲውን ቁጥር የማያውቅ ሰው ነው የቦርሳ ባለቤት ነኝ የሚለው።" ፖሊሱ በስንት ልመና ቋጠሮውን አስፈታት። ሰውየው ቦርሳውን ሲቀበል ዚፑን አየና ግራ ገባው፤ ተተርትሮ የነበረው ተሰፍቷል። ተቀምጣ ስትጠብቅ እጇ ሥራ ፈትቶ ነበርና ያን ስትጠግን ቆይታለች።

የቤተሰቡን አልበም የሚያገላብጥ ሰው እትዬ የምትባል ሴት ስለመኖሯ ማስረጃ አያገኝም። አንበሳው ጎን፣ ፏፏቴው ሥር፣ ሐውልቱ ፊት ሦስት ሰዎች ቆመው ይስቃሉ። በአንድ ፎቶ ጠርዝ ላይ ብቻ አንድ ክርን ይታያል፤ ቤተሰቡ ተከራክሮ ተከራክሮ የእሷ ነው ብሎ ተስማምቷል።

ይሁንና እትዬ ውስጡን ሳታይ ውስጡን የምታውቅበት የራሷ ጥበብ ነበራት። ከበሩ የሚወጣውን ሰው ፊት ታነባለች። "እየጮኸ የሚወጣ ሰው ያየው ነገር የለም" እያለች ለወንድሟ ልጅ ታስተምራታለች። "እያዛጋ የሚወጣማ ተይው። ዝም ብሎ የሚወጣ ሰው ካየሽ ግን፣ እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።"

ዘንድሮ የቀያሹ መሥሪያ ቤት የሃያ ዓመት አገልግሎት ሽልማት ብሎ ለአራት ሰው የአምስት ቀን ዕረፍት ሰጠው። ቦታው በባሕር የተከበበች ሞቃት ደሴት ነው፤ ሰው ገና ከጀልባ ሳይወርድ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይጣበቃል። መኝታ፣ ምግብ፣ ጉብኝት ሁሉ ተከፍሎ አልቆ፣ የየቦታው መግቢያ ትኬት በአንድ ደብተር ተጠርዞ ተሰጣቸው። የደሴቲቱ ዋና ጉድ ዋሻዋ ነው። ከባሕሩ ዳር ባለ ገደል ሥር ይገባል፣ ወደ መሬት ሆድ ይወርዳል፤ ደሴቲቱን ረግጦ እሱን ሳያይ የተመለሰ ሰው ምንም አላየም ይባላል።

በአራተኛው ቀን ሄዱ። ቀያሹ ትኬት ቆራጩ ዘንድ ቀረበና፣ ዕድሜውን ሙሉ እንደሚለው፣ "ሦስት" አለ። ቆራጩ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ አራቱንም አያቸውና ትከሻውን ነቅንቆ ሦስቱን ቀደደ። እትዬ በዋሻው አፍ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ማንገቻዎቹን መቋጠር ጀምራ ነበር።

ቀያሹ የሥራ ነገር ሆኖበት ደረጃውን ቆጠረ፤ መቶ ሰማንያ ስድስት ነው። ታች አንድ አዳራሽ አለ፣ ባለ አራት ፎቅ ቤት የሚውጥ። ከአዳራሹ በታች ሐይቅ። አስጎብኚው ሰዉን ሁሉ አስቁሞ ለአንድ ደቂቃ መብራት አጠፋ። ያን ጊዜ ሚስቱ እጁን ያዘችው፤ ከያዘችው ስንት ዓመቷ ነው! ልጁ እንኳ፣ ስልኳን ከእጇ የማትለየው የአሥራ ስድስት ዓመት ኮረዳ፣ ትንፍሽ አላለችም።

ሲወጡ እትዬ ቋጠሮዋን ሳትፈታ ቀና ብላ አየችው።

"ውስጡ ምን ይመስላል?"

እንዲህ ብላ ጠይቃ አታውቅም። እሱ ግን ልብ አላለውም፤ ስልኩ እንዲሰጠው እጁን ዘርግቶ ነበር።

"ምን ይመስላል... ድንጋይ ነው፣ እትዬ። እርጥብ ድንጋይ።"

"ብቻ?"

"ደረጃው ብዙ ነው። ስልኬስ?"

"ከጠዋት ጀምሮ ዘጠኝ ቡድን ሲወጣ አየሁ" አለች ስልኩን ከኪሷ እያወጣች። "አንድ የጮኸ የለም።"

እሱም እህ ብሎ ስልኩን ተቀበለ።

አመሻሹ ላይ ክፍላቸው ውስጥ ሻንጣ ሲያሰናዳ ደብተሩ እጁ ገባ። የዋሻው ገጽ ላይ ሦስቱ ትኬቶች ተቀደዋል። አንዱ እንዳለ አለ።

"ይሄ የማን ነው?" አለ።

ሚስቱ ፎጣ እያጠፈች "የእትዬ ነዋ" አለችው።

"እሷ እኮ አትገባም።"

"ጠይቀናት እናውቃለን?"

ቀያሹ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።  የመጀመሪያው በር ትዝ አለው፤ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ ከተማው ዳር ሰርከስ መጥቶ። የእትዬ ገንዘብ የሚበቃው ለአንድ ሰው መግቢያ ብቻ ነበርና "ግባ፤ እኔ ጫማህን እጠብቃለሁ፣ አዲስ ነው ይሰርቁሃል" አለችው። በባዶ እግሩ ገብቶ ዝሆን አየ። ያኔ እጥረት ነበር። በኋላ እጥረቱ ሄደ፣ እሷ በር ላይ መቅረቷ ግን ሳይሄድ ቀረ፤ እሱም እህቴ በር የምትወድ ፍጥረት ናት ብሎ አመነ። ድልድይ ሲለካ ስንዝር የማይስት ሰው፣ በየመስኮቱ አራት ሆኖ እየሄደ "ሦስት" ሲል ኖሯል። አፈረ። 

በማግስቱ ጀልባቸው የሚነሳው ከምሳ በኋላ ነው። ገና በጠዋት የእትዬን በር አንኳኳ።

"እትዬ፣ ዛሬ አንቺ ትገቢያለሽ። እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ።"

እትዬ ሳቋ መጣ። "አንተ? መነፅርህን ግንባርህ ላይ አድርገህ ቤቱን የምታምስ ሰውዬ?"

"ሙች ስልሽ! ትኬትሽ አለ።"

ሳቋን አቆመች። "መቼ ነው የምንሄደው?" አለች ቶሎ ብላ፤ ብላም ወጣች። ለብሳ ነበር። ቀያሹ እግሯን አየ፤ ከሸራ የተሠራ፣ በክር የሚታሰር አዲስ ጫማ ነው። እትዬ ከነጠላ ጫማ በቀር የምታውቀው አልነበረም።

"ይሄን መቼ ገዛሽው?"

"ሳንመጣ። የትኬቱ ደብተር ላይ 'ወደ ዋሻው በክፍት ጫማ መግባት አይቻልም' ይላል እኮ።" ጎንበስ ብላ ክሩን አጠበቀች። "ትናንትም አድርጌው ነበር።"

ቀያሹ የትኬቱን ደብተር ኪሱ ከትቶ ወደ ዋሻው መንገድ ቀደማት። 

ሁለቱ ብቻቸውን ናቸው፤ የሚጠበቅ ዕቃ አልነበራቸውም። እትዬ ግን ሁለት ትልልቅ ቦርሳ ፎጣ አጭቃ አንጠልጥላ መጥታለች። "ባዶ እጅህን ተቀምጠህ ምን ልትጠብቅ ነው?" አለችው። አግዳሚው ላይ አስቀምጣ፣ ማንገቻውን ቋጥራ፣ የሥራ ርክክብ አደረገች። ስልክ የሚያይ ጠባቂ ጠባቂ አይደለም። የሚያወራህን ሰው አውራው፣ ዓይንህ ግን እጁ ላይ ይሁን። ሽንት ቢመጣብህ ቻለው።

አስጎብኚው ሄልሜት አጠለቀላት። "እማማ፣ ደረጃው ትንሽ ይበዛል።"

"ሠላሳ ሁለት ዓመት የስፌት መኪና የረገጥሁ ሴት ነኝ፣ ልጄ። አንተ ቅደም፣ ምራኝ።"

ዋሻው አፍ ላይ ስትደርስ አንድ ጊዜ ዞረች። ወንድሟ እጁን ሊያውለበልብላት ሲነሳ፣ "እግርህን አስገባ!" ብላ ጮኸችበት፤ ተቀምጦ እግሩን ቋጠሮው ውስጥ አስገባ።

ሃምሳ ደቂቃ ጠበቀ። ፀሐይዋ ጉልበቱ ላይ መጣች፣ ላቡ ወገቡ ድረስ ወረደ። ሁለት ወጣቶች ሳይጠይቁት ነጠላ ጫማቸውን አጠገቡ ትተው ሄዱ። ከሌላው ቡድን ሰዎች ሲወጡ ፊታቸውን አየ፤ እውነትም ዝም ብለው ነው የሚወጡት። ሰው ይህን እያየ እንዴት ተነስቶ ሳይገባ ይቀራል ብሎ አሰበ። ከአርባ ዓመት በላይ አብሯት ኖሮ፣ እንደሷ ተቀምጦ ማየት ዛሬ ገና ነው የሞከረው።

እትዬ ከቡድኗ መጨረሻ ሆና ወጣች። ፊቷ ረጥቧል። ሮጦ ሊቀበላት ሲነሳ ቋጠሮው ያዘውና ከመደፋት ለጥቂት ተረፈ።

"እሺ፣ እንዴት ነው?"

"ቆይ እስቲ" አለችው። አጠገቡ ተቀመጠች፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። "አዳራሽ አለ፣ ትልቅ። ድንጋዩ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ይወርዳል፣ ከታቹ ያለው ደግሞ እሱን ሊቀበል ይወጣል። ከዚያ መብራቱን ያጠፋሉ።" ዓይኗን ጨፈነች። "እንዲያ ያለ ጨለማ አለ እንዴ? እጄን ዓይኔ ሥር ወስጄ አላየሁትም! ውኃው ብቻ ጠብ... ጠብ... ይላል። እናቴ ትዝ አለችኝ፤ እኔ እንጃ ለምን እንደሆነ።"

ቀያሹ ደስ አለው። ደስታው እንደ ልጅ ፊቱን ሞላው። ተፈጸመ፣ ገባች፣ አየች። እሷ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ስትሄድ፣ ቦርሳዎቹን ይዞ ለራሱ ፈገግ እያለ ቀረ።

አስጎብኚው ሄልሜቶቹን ሰብስቦ ሲያልፍ ቆም አለ።

"እህትዎ ናቸው? እንዳልነግርዎ አስምለውኝ ነበር። ግን ጉልበታቸውን ሐኪም ቢያየው ይሻላል ብዬ ነው።"

"ጉልበቷን ምን ሆነች?"

"ሠላሳ አንደኛው ደረጃ ላይ ካለችው አግዳሚ አላለፉም። እምቢ አላቸው። ልመልስዎት ብላቸው 'የለም፣ ወንድሜ ተመለሰች ይላል' ብለው እዚያው ተቀመጡ። እዚያ የምትቆም ባልደረባችን አለች፣ አብራቸው ሆነች፤ ሰዉ ስለሚያወራው ጨለማ ጠይቀው፣ እስቲ አንዴ አጥፊልኝና ልየው አሏት። ስንመለስ ይዘናቸው ወጣን።" አስጎብኚው ሄልሜቱን ከክንድ ወደ ክንድ አዛወረ። "ከአሥር ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ እስከ ታች እወርደው ነበር ብለዋል።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል እንዲህ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ቀያሹ በስንት መስኮት ፊት ቆሞ ነበር! ከአምስት ዓመት በፊት እንኳ ቢሆን ያ ጉልበት ይወርድ ነበር። ትናንት ጠይቃው የለም እንዴ፣ አፍ አውጥታ? አዳራሹን ደረጃው ላይ በአጠገቧ ካለፉ ሰዎች ሹክሹክታ ለቃቅማ ነው የነገረችው፤ በዓይኗ ያየችው ጨለማውን ብቻ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ጊዜ ገባች፣ ያውም ሠላሳ አንድ ደረጃ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም፤ ግን እየተመለሰች ነበርና ቦርሳው ላይ አጎነበሰ።

"ጎሽ፣ አንድም አልጠፋብህም" አለችው፣ የወጣቶቹን ነጠላ ጫማ ሳይቀር ቆጥራ።

ምሳ ላይ እትዬ የዕለቱ እንግዳ ሆነች። የወንድሟ ሚስት "እስቲ ይንገሩን፣ እትዬ" አለቻት፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ከውስጥ እንደመጣ ሰው አወራች። አዳራሹን ነገረች፣ ድንጋዩን ነገረች፣ ጨለማውን ደጋግማ ነገረች። ልጅቷ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ትሰማለች።

"ሐይቁስ፣ እትዬ? ዓሣዎቹን አየሻቸው?"

የእትዬ ማንኪያ መንገድ ላይ ቆመ። ስለ ሐይቅ ደረጃው ላይ በአጠገቧ ካለፉት አንድም ሰው አላወራም ነበር። ወንድሟን አየችው።

"ለእኔ ነግራኛለች" አለ ቀያሹ። "እሷ ትብላበት፣ እኔ ልንገርሽ።"

ሰሃኑን ገፋ አደረገና ከሠላሳ አንደኛው ደረጃ ጀመረ። ከአግዳሚዋ በታች ደረጃው ወደ ግራ ይታጠፋል አለ፤ ግድግዳው እርጥብ ነው፣ እጅ ሲያስደግፉበት ይቀዘቅዛል። ሰባ ሁለተኛው ላይ ጣሪያው ዝቅ ስለሚል ሰው ጎንበስ ይላል። መቶ አርባኛው ላይ ንፋስ ፊት ላይ ይመጣል፣ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ከዚያ አዳራሹ ይከፈታል፤ መሃሉ ላይ አምስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው አንድ ምሰሶ ቆሟል፣ መብራት ሲያርፍበት ማር ይመስላል። ከምሰሶው ጀርባ ውኃው አለ፤ ከመጥራቱ የተነሳ ውኃ መሆኑ የሚታወቀው ጠብታ ሲያርፍበት ነው። ዓሣዎቹ ነጭ ናቸው፣ ጣት የሚያህሉ፣ ዓይን የላቸውም። ዘመናቸውን ሁሉ ጨለማ ውስጥ ስለኖሩ ዓይን አላስፈለጋቸውም። ሰው ዳር ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሲይዝ ቀስ እያሉ ይመጣሉ።

እንዲህ አድርጎ አውርቶ አያውቅም ነበር። አስተናጋጁ ሰሃን ሊያነሳ መጥቶ፣ ቆሞ ቀረ።

እትዬ ማንኪያዋን አስቀምጣለች። አገጯን መዳፏ ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን ከአፉ ሳትነቅል፣ ሁሉን ረስታ ወደ እሱ ጠጋ አለች።

"ከዚያስ?" አለችው።

ልጅቷ አክስቷን አየች፣ አባቷን አየች፤ ልትናገር ነበር፣ ተወችው። እናትየዋ አንገቷን ደፋች።

"ከዚያማ፣ እትዬ..." አለ ቀያሹ፣ ድምፁን አስተካክሎ። "ከዚያማ ወደ ዳሩ ትጠጊያለሽ።"